የአሰብ መንገድ መነጽሮች፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት አካባቢ ቡና እየጠጣን አፌ አዳለጠኝ። «መመረት ያቆሙ የብረት ፍሬም የፀሐይ መነጽሮች እሰበስባለሁ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ እረፍት አላየም። ስለዚህ የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ወርቃማ መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ አለ። መሃሉ ላይ በፈረንጅ ፊደል «1/10 12ኬ ጂኤፍ» የሚል ተቀርጿል። ልጄ ወርቅ ቤት እንውሰደው እያለ ይነዘንዘኛል። ወርቅ ነው ወይ?

መልስ፦ እማማ፣ ባክዎ እንዳይወስዱት! ወርቅ አለበት፣ ግን ወርቅ አይደለም። «12ኬ» ማለት 12 ካራት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሆነ ግማሹ ብቻ ወርቅ ነው ማለት ነው። «1/10» ደግሞ ከብረቱ ክብደት አንድ አሥረኛው ያ ባለ 12 ካራት ወርቅ ነው ይላል። የአሥረኛ ግማሽ 5 ከመቶ ነው። ብረቱ 16 ግራም ቢመዝን ንጹሑ ወርቅ 0.8 ግራም ብቻ! ወርቅ ሠሪው እሷን ለማግኘት የባለቤትዎን መነጽር ያቀልጠዋል።

«ጂኤፍ» የሚለው ወርቁ በሙቀትና በግፊት ሌላ ብረት ላይ የተለበጠ መሆኑን ይናገራል። ከተራ ቅብ ይወፍራል። ከስንት ዓመት በኋላ አሁንም የሚያበራው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ላይ «1/30 10ኬ» ይላል፤ እሱ ሲሰላ 1.4 ከመቶ ግድም ነው።

እኔ ይህን ነገር የጀመርኩት በእንዲህ ዓይነት መሳቢያ ነው። አሰብ ወደባችን በነበረ ጊዜ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ በአዳማ ያልፍ ነበር። በዚያ በረሃ ደግሞ ያለ መነጽር መንዳት አይታሰብም። ሰው ቦሌ ሄዶ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። እኔ ግን ደህና ደህናውን ያገኘሁት እዚሁ ከሽማግሌዎች ቤት፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ወሬ ተወርቶ ነው። ሽያጩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዴም አይመጣም። የአባት ዕቃ ነው፣ አይፈረድም።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ሬይባን ከአዲሱና ከፎርጅዱ እንዴት ነው የምትለየው?

መልስ፦ ይቺ ጥያቄ ሰፊ ናት፣ ቁጭ በል። ሬይባንን በ1937 ለገበያ ያቀረበው ባውሽ ኤንድ ሎምብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1999 የመነጽር ንግዱን ለጣሊያኑ ሉክሶቲካ በ640 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሰብሳቢ «አሮጌው» የሚለው ከዚያ በፊት አሜሪካ የተሠራውን ነው።

መጀመሪያ መሃል ብረቱን እይ። የኩባንያው ስም ወይም ምህጻሩና የአሜሪካ ስም ይቀረጽበታል። አጠገቡ እንደ 58 እና 14 ያሉ ቁጥሮች ይኖራሉ። 58 የአንዱ መስታወት ስፋት ነው፤ 14 በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ርቀት። ሁለቱም በሚሊሜትር ናቸው። ቀጥሎ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብል። ማጠፊያው አጠገብ በጣም ጥቃቅን የተፋቀ «ቢ ኤል» ታያለህ። በሉክሶቲካ ጊዜ ይህ «አር ቢ» ሆኗል። እጀታው ላይ «አር ቢ 3025» ካነበብክ ከ1999 በኋላ የተሠራ አቪዬተር የሚባለው የሬይባን ሞዴል ነው። ይህ ፎርጅድ አያሰኘውም፣ ዕድሜውን ብቻ ነው የሚነግርህ።

ፎርጅዱ የሚጋለጠው ሁለቱን ዘመን ሲያደባልቅ ነው። መሃሉ ላይ የአሜሪካው ኩባንያ ስም፣ እጀታው ላይ 3025! አንድ ቀን የሳልባጅ ክምር ውስጥ እንዲህ ያለ አገኘሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ሻጩ ያበድኩ መስሎት ዋጋ ቀነሰልኝ። አልገዛሁም።

ሌላው ምልክት ጉንጭህ ነው። የድሮው መስታወት እውነተኛ መስታወት ስለሆነ ጉንጭህን ስታስነካው ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ወዲያው ይሞቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ባጃጅ ነው የምሠራው። ጓደኛዬ ከዓረብ አገር ኦክሌይ ጁልየት አምጥቶ በውድ ልሽጥልህ አለኝ። መልኩ እንደ በረሮ ነው። ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያስወድደው?

መልስ፦ በረሮነቱን አልክድም። ግን ሥራው ያስደንቃል። ኦክሌይ የተባለው ኩባንያ ይህን የመነጽር ዓይነት ኤክስ ሜታል ይለዋል። በ1997 ሮሚዮ ወጣ፣ በ1999 ደግሞ ጁልየት። ፍሬሙ ከታይታኒየም ቅይጥ ነው የተሠራው። አንድ ወጥ አይደለም፤ የግራና የቀኙ ክፍል አፍንጫ ላይ ይገናኛሉ፣ መገናኛው ውስጥ ጎማ አለ፣ ይንቀሳቀሳል። ማምረቱ ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት ቆመ። ብራዚል ውስጥ ወጣቱ ያበደላት መነጽር ስለሆነች አስመስሎ የሚሠራውም በዝቷል።

ስለዚህ ጓደኛህን አትጣላው፣ ግን መሃሉን ያዝና ቀስ ብለህ አጥፈው። ድርቅ ካለ ተወው። ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ላላ ብሎ ይንገዳገዳል ወይ ብለህ እይ። ጎማው ያረጃል፣ መቀየር ይኖርብሃል። እጀታው ውስጥ ያለ ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቁጥር መቅረጽ ማንም ይችላል።

ጥያቄ፦ አሮጌ መነጽር ዓይን አይጎዳም?

መልስ፦ መጥቆርና ከጨረር መከላከል አንድ አይደሉም። መጥፎ ጥቁር መስታወት ካለማድረግ ይብሳል። ጨለማ ሲሆን የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ያልታገደው አልትራቫዮሌት ደግሞ በሰፊው በር ይገባል። ታዋቂው አረንጓዴ-ግራጫ የሬይባን መስታወት፣ ጂ-15፣ ስሙን ያገኘው ከሚታየው ብርሃን 15 ከመቶውን ስለሚያሳልፍ ነው። ለማንኛውም መነጽር ቤት የጨረር መለኪያ ካላቸው አስለካው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተር ሳይክል ላይ ግን የድሮ መስታወት አታድርግ። ሲሰበር ስባሪው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ላስቲኮች ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ሻገተ?

መልስ፦ ሻጋታ አይደለም። ብረቱ ውስጥ ያለው መዳብ ከላብና ከቅባት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያደርጋል። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ላብ ሞልቷል። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። በቃ። ሎሚ አታስነካው። የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። እኔ የመጀመሪያዬን በጥርስ ሳሙና ፈትጌ ፈትጌ ወርቁን አንስቼ ከሥሩ ግራጫ ብረት አወጣሁ። እስከ ዛሬ አለኝ፣ ሳየው ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ማጠፊያው ተሰበረ። የት ላሠራው?

መልስ፦ ሞባይል ጠጋኝ ጋ አትሂድ። እነሱ በሚያቀልጡት ሊድ የተያያዘ ማጠፊያ ብዙ አይቆይም፣ በኋላ በብር ማዕድን ልበይደው ብትልም የቀረው ሊድ ሥራውን ያበላሻል። ትንሽ ነበልባል የለመደ ወርቅ ሠሪ ይሻላል። ግን መስታወቱን ራስህ አውጥተህ፣ ላስቲኩንም ነቅለህ ስጠው። እኔ አምኜ እንዳለ ሰጠሁ። ሠሪው «ግዴለም፣ እጠነቀቃለሁ» አለኝ። ስመለስ አንዱ መስታወት ለሁለት ተሰንጥቋል። የሁለታችንም ጥፋት ነው። ታይታኒየም ከሆነ ደግሞ እሱም አይችለውም፤ አየር በማይነካው ብየዳ ነው የሚያያዘው።

ጥያቄ፦ የማንበቢያ ሌንስ ላስገባበት?

መልስ፦ ይቻላል። የወጣውን መስታወት ግን አትጣለው፤ ጠቅልለህ አስቀምጠው። ሰብሳቢ ከፍሬሙ እኩል እሱን ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ መስታወቱ ሁሌ ይጫጫርብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በምን ነው የምትጠርጊው? በነጠላ ጫፍ ከሆነ መልሱን አገኘሽ። ጥፋቱ የነጠላው አይደለም፣ የአቧራው ነው። የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራ ውስጥ ጥቃቅን አሸዋ አለ። በደረቁ ስትጠርጊው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መጀመሪያ ውሃ አፍስሺበት፣ አቧራው ይውረድ፣ ከዚያ ጥረጊ። ውሃ ከጠፋ ደግሞ እስኪመጣ ጠብቂ።