የሊጉ መቋረጥ የተጫዋቹን ደመወዝ ያስቀራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ24 ዓመት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ካለ አንድ ክለብ ጋር ከጥቅምት 1 እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የሚቆይ የጽሑፍ ውል ነበረኝ። ደመወዜ በወር 9,000 ብር ነው። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ሲቆም የመጋቢትን ግማሽ ከፍለው ከዚያ በኋላ ምንም አልሰጡኝም። የቡድን መሪው በስልክ «ውልህ ተቋርጧል» አለኝ፤ ደብዳቤ ግን አልደረሰኝም። አሠልጣኙ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ በየቀኑ የምንሠራውን ልምምድ በቴሌግራም እየላከ፣ ቪዲዮ ቀርጸን እንድንልክለት ያዘን ነበር። ደመወዜን ስጠይቅ «ኤንቢኤ እንኳ ቆርጧል፤ አንተ ማን ነህ?» ተባልሁ። አሁን የአንድ ወር ደመወዝ ወስደህ «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብለህ ፈርም፤ ካልፈረምህ መልቀቂያ አታገኝም፤ የፊርማ ገንዘብህንም ግማሹን መልስ ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትፈርም። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

«አንተ ማን ነህ?» የሚለው ንግግር አናዶኛልና ከእርሱ ልጀምር። ኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የዩታ ጃዝ ቡድን ተጫዋች ሩዲ ጎቤር በቫይረሱ መያዙ ሲታወቅ መጋቢት 2 ቀን ውድድሩን አቆመ። ሐምሌ 23 ቀን ኦርላንዶ ውስጥ 22 ቡድኖችን ብቻ ሰብስቦ፣ ያለ ተመልካች እንደገና ጀመረ። ከግንቦት 7 ቀን ጀምሮም ከተጫዋቾች ክፍያ 25 በመቶው ተይዟል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የቡድን መሪህ ያልነገረህ አለ። በዚያ ሊግና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል ባለው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ወረርሽኝን ጨምሮ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ለተሰረዘ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ከዓመት ደመወዝ ከ92.6 እጅ አንዱ እንደሚቀነስ ስሌቱ ሳይቀር ተቀምጧል። 25 በመቶውም የተያዘው ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረው ነው፤ 75 በመቶው ይከፈል ነበር። የላክህልኝን የውልህን ፎቶ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ስለ ወረርሽኝም ሆነ ስለ ውድድር መቋረጥ አንድ ቃል የለበትም። ማንም አላነጋገረህም፤ የተከፈለህም ባዶ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ክለቡ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚያነሳው መከራከሪያ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 ይህን የሚቀበለው ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ሲሆንና ግዴታን መፈጸምን ፈጽሞ ሲከለክል ነው። አፈጻጸሙን ከባድ ወይም ውድ ያደረገ ነገር ብቻውን አይበቃም። የመንግሥት ክልከላ በቁጥር 1793 ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አልክድም፤ መጋቢት 7 ቀን የስፖርት ውድድሮች መታገዳቸውንም ሁላችንም ሰምተናል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ከተማችን እንቅስቃሴዋ ሲገታ ያየሁትን አልረሳም፤ ዘንባባዎቹ ሥር ሰው የለም፣ ባጃጅ የለም፣ የጣና ጀልባዎች ታስረው ቆመዋል። ክለቡም ተጎድቷል። ይሁን እንጂ የታገደው ጨዋታው ነው፤ ደመወዝ መክፈልን ያገደ ማንም የለም። የክለቡ ገቢ መቅረቱ መክፈሉን አክብዶበት ይሆናል፤ አልከለከለውም።

ክርክሩ ሚዛን የሚደፋው ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ለአንተ የማይመችህንም ልንገርህ። አዋጁ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ አሠሪው ውሉን እንዲያግድ ይፈቅድለታል። በእገዳው ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፤ አሠሪውም ደመወዝ አይከፍልም። ክለቡ ይህን መንገድ ተከትሎ ቢሆን ኖሮ የአብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ባጣህ ነበር። መንገዱ ግን ሥርዓት አለው። አሠሪው ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ወይ ወደ ሥራ ይመልስሃል፤ ወይ ሕጉ ለተሰናባች የሚያዘውን ይከፍልሃል። በስልክ «ተቋርጧል» ማለት እገዳ አይደለም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 1189/2012 መሠረት የወጣው ደንብም አሠሪዎች ስለ ኮሮና ከወጣው የሥራ ቦታ ፕሮቶኮል (የአሠራር መመሪያ) ውጪ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሂድና ክለቡ ያስገባው ማስታወቂያ መኖሩን ጠይቅ። ከሌለ ጉዳይህ በእጅጉ ይጠነክራል።

የቴሌግራም መልእክቶቹን አደራ እንዳታጠፋቸው። ውሉ ተቋርጦ ነበር የሚል አሠሪ ለአራት ወር ገደማ በየቀኑ የሥራ ትእዛዝ አይሰጥም። ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገህ አትምና ያዝ።

ክለቡ ምናልባት «ተጫዋች ሠራተኛ አይደለም፤ በራሱ ሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ነው» ብሎ ከአዋጁ ሊያስወጣህ ይሞክር ይሆናል። ሰዓትህን፣ ልምምድህን፣ ጉዞህን የሚወስነው ክለቡ ስለሆነ አይሳካለትም ብዬ አምናለሁ። ቢሳካለትም በአዋጁ እገዳ መከላከል አይችልም፤ በዚያ ላይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ወደ 10 ዓመት ይረዝምልሃል።

በዚህ ግን እንዳትዘናጋ። በሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ የሚቆጠረውም ለእያንዳንዱ ወር ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። የመጋቢት ቀሪህ መስከረም 30 ቀን 2013 ላይ ያበቃለታል፤ የሚያዝያው ጥቅምት ላይ፤ እንዲህ እያለ ይንጠባጠባል። ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው የቆዩበት ጊዜ ይታሰብልኛል የሚል ክርክር ሊኖር ይችላል፤ አንተ ግን እንደማይታሰብ አድርገህ ቁጠር። አሁን ነሐሴ 2012 ነው። ቢሮዬ የመጣ ብዙ ሰው መብቱን ያጣው እውነት ጎድሎት አይደለም፤ «ዛሬ ነገ ይከፍሉኛል፣ ፊት ለፊት መጋጨት ይከብዳል» እያለ በይሉኝታ ቀኑ አልፎበት ነው። ያንተም እንዲህ እንዳይሆን እፈራለሁ።

የምትጠይቀው ከመጋቢት 16 እስከ ሐምሌ 30 ያለውን የአራት ወር ተኩል ደመወዝ 40,500 ብር ነው። ከጊዜው በፊት የተቋረጠ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚያስገኘው ካሣ ከ180 ቀን ደመወዝ መብለጥ የለበትም፤ ያንተ 135 ቀን ስለሆነ ሙሉውን መጠየቅ ትችላለህ። መጀመሪያ ለክለቡ በጽሑፍ ጠይቅና ቅጂህ ላይ ተቀባዩ ይፈርምበት። ካልመለሱልህ ክሱን ለወረዳው ፍርድ ቤት ታቀርባለህ፤ ሠራተኛ ከሳሽ የዳኝነት ገንዘብ ስለማይከፍል በገንዘብ ምክንያት አትቅር።

የፊርማ ገንዘቡን በተመለከተ ውልህ «ስለ ፈረመ» የተከፈለ ነው ይላል፤ ይመለሳል የሚል አንቀጽ የለውም። ፈርመሃል፣ እስከ መጋቢት ተጫውተሃል፣ ከዚያም ዝግጁ ሆነህ ቆይተሃል። አትመልስም።

የመልቀቂያው ነገር እንደሚያስጨንቅህ ይገባኛል፤ ያለ እርሱ ሌላ ክለብ አይወስደኝም ብለህ ነው። ነገር ግን ውልህ ሐምሌ 30 ቀን በራሱ አብቅቷል፤ ለማንም አልታሰርህም። የሥራ ማስረጃ ስጠኝ ብለህ ስትጠይቅ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ደመወዝህን በመተው የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጥያቄህን በዚያው ደብዳቤ ላይ ጨምረው። አንድ ወር ደመወዝ ቢሰጡህ ተቀበል፤ ደረሰኙ ላይ ግን «የመጋቢት ቀሪና የሚያዝያ ከፊል ክፍያ፤ ቀሪ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ነው» ብለህ በእጅህ ጻፍና ከዚያ ፈርም። ይህን ከከለከሉህ ገንዘቡን እዚያው ተወውና ቀጥታ ወደ እኔ ና።