ጃንጥላው ለወዳጅ ሲዘረጋ

«ኃያል አገር በኑክሌር መሣሪያዋ ወዳጆቿንም ብትጠብቅ ጦርነት ይቀንሳል እንጂ ምን አደጋ ያመጣል?» ብለው ለጠየቁት አባል፦ ይህ ጥበቃ «የኑክሌር ጃንጥላ» ይባላል፤ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሳስተምር ተማሪዎቼን ከምንም በላይ ያከራከረ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ አይታዘቡኝ።

በየዓመቱ አንድ ልምምድ ነበረን። አንዱ ተማሪ የኃያሏ አገር ፕሬዚዳንት፣ ሌላው የወዳጅ አገር መሪ፣ ሦስተኛው ጠላት ይሆናል። ስጀምር ጣጣው ሁሉ ከጠላት ወገን የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ጠላት የሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ አርፎ ይቀመጣል፤ «ቢተኩሱብኝስ?» የምትል ትንሽ ጥርጣሬ ትበቃዋለች። እንቅልፍ የሚያጣው ወዳጁ ነው። አንድ ዓመት ወዳጅ የሆነችው ተማሪ በቁራጭ ወረቀት «ከተማዬ ብትመታ ለእኔ ስትል የራስህን ከተማ ታስመታለህ?» ብላ ለፕሬዚዳንቱ ላከችለት። ልጁ አነበበው፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋውና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እርሷም ጥቂት ጠብቃ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችና የራሷን ቦምብ ልትሠራ መወሰኗን አስታወቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳታውቀው የደጎልን ጥያቄ ነበር የደገመችው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ፓሪስ ላይ ሲያገኟቸው፣ አሜሪካ ለፓሪስ ብላ ኒውዮርክን ትሠዋለች ወይ ብለው ሞግተዋቸዋል። ፈረንሳይ የራሷን ቦምብ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰሃራ ላይ ሞክራ ነበር። ደቡብ ኮሪያም አሜሪካ በ1971 አንድ ክፍለ ጦር ስታስወጣባት በምስጢር ወደ ቦምብ ሥራ ገብታ ነበር፤ ያስቆማት የዋሽንግተን ብርቱ ጫና ነው። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ዴኒስ ሂሊ ነገሩን በቁጥር አስቀምጠውታል፦ ሩሲያውያንን ለመግታት የአሜሪካ ዛቻ 5 በመቶ ቢታመን ይበቃል፤ አውሮፓውያንን ለማረጋጋት ግን 95 በመቶ መታመን አለበት።

እኔን የሚያስፈራኝ ያንን 95 ለመሙላት የሚደረገው ነው። ቃል አልበቃ ሲል መሣሪያው ራሱ ወዳጅ አገር ላይ ይተከላል። አሜሪካ ጁፒተር ከሚባሉት የኑክሌር ሚሳይሎቿ 15 ቱርክ ውስጥ፣ 30 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ተክላ ነበር። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ክሩሽቼቭ በ1962 ሚሳይል ወደ ኩባ ሲልኩ ከምክንያቶቻቸው አንዱ የቱርኮቹ ሚሳይሎች ነበሩ። ቀውሱ ሲበርድ ደግሞ ኬኔዲ የቱርኮቹን ሚሳይሎች ሊያነሱ በምስጢር ተስማሙ፤ ቱርክ አልተነገራትም። ሊጠብቃት የተተከለው መሣሪያ መጀመሪያ ዒላማ አደረጋት፤ በኋላ በሌለችበት መደራደሪያ ሆነ። ይህን ለተማሪዎች ስነግር የሚሆነውን ጸጥታ እስካሁን አልረሳውም።

የተተከለ መሣሪያ የአስተናጋጁን አገር የቤት ውስጥ ጣጣም ይካፈላል። በ2016 ቱርክ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ የአሜሪካ የኑክሌር ቦምቦች እንደሚገኙበት በሰፊው የሚነገርለት የኢንጂርሊክ አየር ኃይል ሰፈር መብራት ለቀናት ተቋርጦበታል፤ ቱርካዊው የሰፈሩ አዛዥም ተይዘዋል። ወዳጅን ለማሳመን የሚደረግ የጦር ልምምድም እንዲሁ ነው፦ በኅዳር 1983 ኔቶ የኑክሌር ትእዛዝ አሰጣጥን ሲለማመድ፣ ሶቪየቶች እውነተኛ ጥቃት እንዳይሆን ሰግተው ከአውሮፕላኖቻቸው የተወሰኑትን በተጠንቀቅ አቁመዋል።

ጃንጥላው ይታጠፍ እያልኩ አይደለም። ጀርመንና ጃፓን የራሳቸውን ቦምብ ሳይሠሩ የቆዩት በከፊል በእርሱ ምክንያት ነው፤ ይህንን የሚያቃልል ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም። ነገር ግን ጃንጥላውን የሚይዝ ሁሉ ያች ቁራጭ ወረቀት ትደርሰዋለች። በመጋቢት 2025 ማክሮን የፈረንሳይ የኑክሌር ኃይል የአውሮፓ ወዳጆቿን ስለሚጠብቅበት ሁኔታ ውይይት ሲከፍቱ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን በፈረንሳይ ፕሬዚዳንት እጅ እንደሚቆይ አስረግጠዋል። የደጎልን ጥያቄ አሁን የምትጠየቀው ፓሪስ ናት።