ፒክአፕ ነዳጅ እንዳይበላ ምን ይደረግ? ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት ሃይሉክስ እየነዳሁና እየጠገንሁ ካየሁት ተነሥቼ፣ ስለ ፒክአፕ ነዳጅ ቁጠባ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ፍጆታ መጨመሩን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ በመለካት ብቻ ነው። ጋኑን ሙሉ ያስሞሉና የመኪናውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በኋላ በዚያው ማደያ እንደገና ያስሞሉ። 44 ሊትር ከገባ ፍጆታዎ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ነው። የአንድ ጊዜ ልኬት በመንገዱና በጭነቱ ምክንያት ሊያሳስት ስለሚችል፣ ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለኩ።

ጥያቄ፦ የኋላውን ስፖንዳ (የጭነት ቦታውን መዝጊያ) አውርዶ መንዳት ነፋሱን ስለሚያሳልፍ ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እኔም ለረጅም ጊዜ አምንበት ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ስፖንዳው ተዘግቶ ሲኬድ በካሶኒው (በጭነት ቦታው) ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይፈጠራል፤ ከጋቢናው ጣሪያ የሚወርደው ነፋስም ስፖንዳውን በቀጥታ ከመምታት ይልቅ በዚህ አየር ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። ስፖንዳው ሲወርድ ሽክርክሪቱ ስለሚፈርስ የሚገኝ ጥቅም የለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይብሳል። የሚረዳው ካሶኒውን በጠፍጣፋ ክዳን ወይም በሚገባ በተወጠረ ሸራ መሸፈን ነው። ጥቅሙ በከተማ ውስጥ አይታይም፤ በረጅም መንገድም ቢሆን ጥቂት ከመቶ ነው። ልል ሆኖ የሚራገብ ሸራ ግን ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፍጥነትን መቀነስ ነው፤ የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጨምሩ ግፊቱ በ56 ከመቶ ያህል ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ) እና የፊት መከላከያ ብረት ነዳጅ ይጨምራሉ?

መልስ፦ ይጨምራሉ። ሥራዎ የማይጠይቃቸው ከሆነ ያስፈቷቸው። ፖርቶ መጋላው ባዶ ቢሆንም ነፋስ ይይዛል፤ ብረቱም ሁልጊዜ ይዘውት የሚዞሩት ጭነት ነው። በፒክአፕ ላይ ተገዝቶ ከሚገጠመው ይልቅ ተፈትቶ የሚነሣው ነዳጅ እንደሚቆጥብ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ጎማ ካስገጠምሁ ወዲህ ፍጆታዬ ጨምሯል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከፊሉ የሒሳብ ስሕተት ነው። በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ ከ265/65 ወደ 265/70 የጎማ ልክ ከቀየሩ፣ የጎማው ዙሪያ 3.4 ከመቶ ያህል ስለሚያድግ፣ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲል በእርግጥ የተጓዙት 103 ያህል ነው። ይህን አርመውም ፍጆታው ከበዛ፣ የጎማው ክብደትና የጥርሱ ጉልህነት ናቸው የሚጎትቱት። የጎማውን ነፋስ በተመለከተ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ልክ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ በመለኪያ ያስሞሉ፤ ጎሚስታው በእግሩ መትቶ «ይበቃል» ቢልዎ አይቀበሉ። ከጉዞ በኋላም እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ አድርገው ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ብቻውን ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው፣ ይህም ነዳጅ በከንቱ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ በነዳጅ መስመር ላይ የሚታሰር ማግኔት ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ናፍጣም ቤንዚንም በእንዲህ ዓይነት ማግኔት አቃጠላቸው አይለወጥም። በገንዘቡ የአየር ማጣሪያ ይግዙበት።

ጥያቄ፦ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ ናፍጣ ፒክአፔ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የናፍጣ ፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚልከው ናፍጣ ለቆላ የተመጠነ ከሆነ ሞተሩ የሚበቃውን አየር አያገኝም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ፤ ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ካልቀነሰ፣ የፖምፓ ባለሙያ የናፍጣውን መጠንና የኖዝሎቹን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) አረጫጨት እንዲያስተካክል ያድርጉ። ጉልበት ያጣሉ ብለው አይስጉ፤ በጭስ የሚወጣው ናፍጣ ጉልበት አልሰጠዎትም።

ጥያቄ፦ ዓባይ በረሃን ስወርድ ማርሹን ዜሮ ባደርግ ነዳጅ አይተርፍም?

መልስ፦ እባክዎ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ያለ ሞተር እርዳታ ፍሬን ብቻውን ግሎ ሊከዳዎት ይችላል። የታሰበው ቁጠባም የለም፤ በዘመናዊ ኢንጀክሽን መኪና ማርሽ እንደገባ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ነዳጁ ይቋረጣል፣ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ።