ለ240ዜድ የውድድር ዕቃ ልትገዛ ከሆነ፣ ኪስህን ከመክፈትህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። የ1971 ዳትሰን 240ዜድ ገዝተሃል። ዌስት ቨርጂኒያ ባለው የውድድር ሜዳ፣ ሰሚት ፖይንት ላይ፣ ከድሮ መኪኖች ጋር ልትወዳደርበት አስበሃል። «የዘመኑን (መኪናው በተሠራበት ጊዜ የነበረውን) የውድድር ዕቃ ከየት ላግኝ? ምኑንስ ከምኑ ላስቀድም?» ነው ያልከው። እኔም ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ መኪናዬም ያንተው ዓይነት ነው። ስለ ዘይት መቀየርና ስለ ዝገት አላወራህም፤ ይህን መኪና ደፍሮ የገዛ ሰው እሱን ያውቀዋል። ገንዘብህን የሚበሉትን ነገሮች ብቻ ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. ደንቡ ይቅደም፣ ዕቃው ይከተል። የምትገባበትን ክለብ ደንብ አትምና ጋራዥህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ደንብ የላቸውም። አብዛኞቹ ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህ መኪና በዘመኑ በኤስሲሲኤ (በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ) ውድድር ላይ ምን ተገጥሞለት ነበር? 240ዜድ የተወዳደረው «ሲ ፕሮዳክሽን» በሚባለው ምድብ ነው። በ1970 እና በ1971 ጆን ሞርተን የፒት ብሮክን ቡድን፣ የቢአርኢን፣ መኪና እየነዳ ሻምፒዮን ሆነ። በ1972 እና በ1973 ደግሞ የኮነቲከቱ ተወዳዳሪ ቦብ ሻርፕ ወሰደው። የእነዚያን መኪኖች የድሮ ፎቶ እየፈለግህ ሰብስብ። ኮፈኑ ተከፍቶ የተነሳ ፎቶ ካገኘህ በትልቁ አሳትመው። ከክለቡ መኪና ፈታሽ ጋር ስትከራከር የሚያድንህ እሱ ነው።

ብዙ ሰው «ኤል28 ሞተር ክተትበት፣ ጉልበት ታገኛለህ» ይልሃል። እውነት ነው፣ ጉልበት ታገኛለህ። ነገር ግን ኤል28 የመጣው በ1975 ከ280ዜድ ጋር ነው። ያንተ መኪና ሞተር ኤል24 ነው፣ 2393 ሲሲ። ሌላው ደግሞ የቶዮታ ፎር ባይ ፎር ፒክአፕ፣ እኛ አገር ሃይሉክስ የምንለውን፣ የፊት ፍሬን ካሊፐር ግጠም ይልሃል። ያለ ብዙ ጣጣ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ በደንብም ይይዛል። ለመንገድ መኪና እኔም እመክረዋለሁ። ግን ያንተ መኪና ከተሠራ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ዕቃ ነው። ፈታሹ ጎማ ሳያስፈታ በቸርኬው ቀዳዳ አይቶ ያውቀዋል። አሮጌ መምሰሉ አይበቃም።

ጥያቄህ ላይ የሳፋሪ መብራትና ከፍ ያለ ሞላ እንደምትፈልግም ጽፈሃል። ስሜትህ ይገባኛል። 240ዜድ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ በ1971 በኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ በሼካር ሜታ እጅ ሲያሸንፍ፣ እዚያው በእኛው ሰፈር፣ በእኛው አቧራ ላይ ነው። እኔም ይህን መኪና እንድወድ ያደረገኝ እሱ ታሪክ ነው። ነገር ግን የሳፋሪው መኪና ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራ ነው። የአስፋልት ውድድሩ መኪና ደግሞ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው። ሁለቱን ከቀላቀልክ የትኛውንም አትሆንም። ሰሚት ፖይንት ከሆነ ሐሳብህ፣ የአስፋልቱን ምረጥና በዚያው ጽና።

2. የሾፌሩ በር መቃን ላይ ያለችውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብብ። «የ1971 ነው» ማለት አይበቃም፣ ወሩን እወቅ። በ1971 አጋማሽ ላይ ፋብሪካው ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን) 35 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፍቶታል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ላይ ዲፈረንሻሉን ከኋላ የሚይዘው አግዳሚ ብረት ቀጥ ያለ ነው፣ በኋላ የተሠሩት ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ሻጩ «ለ71 ነው» ብሎ ይልክልሃል፣ ሥር ገብተህ ስትለካው አይገጥምም። የመላኪያውን ደግሞ የምትከፍለው አንተ ነህ። ስለዚህ ዕቃ ስትጠይቅ ዓመት ሳይሆን የሰሌዳውን ወርና ዓመት ንገራቸው።

3. ከየት ይገኛል? ኢንተርኔት ላይ «የዘመኑ ኦሪጅናል» የሚባለው ግማሹ አዲስ ተሠርቶ የታሸ ነው። እኔ ጥሩ ዕቃ ያገኘሁት ከሰው ነው። ካርላይል፣ ፔንስልቬንያ በሚደረገው የውጭ አገር መኪኖች ገበያ ላይ ሂድ፣ በጠዋት ድረስ። ዕቃ ብቻ አትይ፣ ሽማግሌዎቹን አናግራቸው። ቦብ ሻርፕ ኮነቲከት ስለነበረ በዚህ በምሥራቁ በኩል በ70ዎቹ ዳትሰን የተወዳደሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ ካርቶን ተደርድሯል። ቶሎ አይሸጡልህም። መጀመሪያ ቡና ትጠጣለህ፣ ታሪካቸውን ትሰማለህ፣ መኪናህን ፎቶ ታሳያለህ። እኔ የሦስቱ ሚኩኒ ካርቡራቶሮች የሚቀመጡበትን የድሮውን የውድድር ማኒፎልድ ያገኘሁት እንዲህ ነው፣ የዳትሰን የውድድር ክፍል ተለጣፊ እንኳ አልተላጠለትም። ሽማግሌው «ለሚያስጮኸው ሰው ነው የምሰጠው» ብሎ ሰጠኝ። ዋጋውም የሚያሳፍር አልነበረም።

ባለ 44 ሚሊሜትር ሚኩኒዎቹን ከጃፓን ጨረታ የምታመጣ ከሆነ የሦስቱንም ፎቶ ለየብቻ ጠይቅ። ሦስቱም የአንድ ዘመን መሆን አለባቸው። ከተለያየ ዘመን የተለቃቀሙ ከሆኑ ውስጣቸው ይለያያል፣ ማስተካከሉም የእድሜ ልክ ሥራ ይሆንብሃል። የቢራቢሮው (የአየር መክፈቻው) ዘንግ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ዋጋውን ቀንስ፣ ካልቀነሱ ተወው። ክለብህ ሦስት ካርቡራቶር ካልፈቀደ ደግሞ አትዘን፤ እስከ 1972 ድረስ የመጡት ክብ ክዳን ያላቸው የፋብሪካው ኤስዩ ካርቡራቶሮች ግሩም ናቸው። የ1973ቱን ጠፍጣፋዎቹን ብቻ አትግዛ።

የማግኒዥየም ቸርኬ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። ቀለም ተቀብቶ ያበራል፣ ውስጡ ግን ሊበላ ይችላል። የተደበቀ ስንጥቅን በሚያሳይ ቀለም ሳታስመረምር መኪናው ላይ አትስቀል። ሻጩ መመርመር የለበትም ካለህ መልሱን ነግሮሃል ማለት ነው።

4. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ብቻ ብታነብ ይበቃኛል።

የዚህ ሞተር ቴስታታ (የላይኛው ራሱ) አየር የሚያስገባውም ጭስ የሚያስወጣውም በአንድ ጎን ነው። ማኒፎልዱና የጭሱ ቱቦ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚታሰሩት በአንድ ብሎን፣ በአንድ ወፍራም ሮንዴላ ነው። ሮንዴላው ግማሹ በማኒፎልዱ ጆሮ ላይ፣ ግማሹ በቱቦው ጆሮ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሁለቱ ጆሮ ውፍረት እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከወፈረ ሮንዴላው ወፍራሙን ብቻ ይይዛል፣ ቀጭኑ ልል ይሆናል። ከፋብሪካ የወጡት እኩል ናቸው። የውድድር ማኒፎልድ ከአንዱ፣ የጭስ ቱቦ ከሌላው ስትገዛ ግን እኩል የሚሆኑት በዕድል ብቻ ነው።

የኔ እኩል አልነበሩም። በመለኪያ ካሊፐር ለክቼ አወቅሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የወፈረውን ጆሮ፣ ሮንዴላው በሚያርፍበት በውጭው በኩል ብቻ፣ በማሽን ማሳነስ። ከቴስታታው ጋር የሚገናኘውን ፊት መንካት አያስፈልግም። ይህን በወረቀት ስዬ፣ የሚነካውን በቀይ ቀለም አድርጌ፣ ልኬቱን ጽፌ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ስሙን አልጠቅስም። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው ወረቀቱን ሳያየው ተቀበለኝ። «ይህን ሥራ ስንሠራ አንተ አልተወለድክም» አለኝ። እኔም ታገሥኩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ነው።

ሲመለስልኝ የነኩት ፊቱን ነው። ያውም ቀጥ አድርገው አይደለም፣ ከፊት ወደ ኋላ እያሳሱ። ዓይን አያየውም። ጋስኬት ሲገባበት ደግሞ ጭራሽ ይሸፈናል። ገጥሜ አስነሳሁት፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ደህና የሚሠራ ይመስል ነበር። ግን ከኋላው፣ በስድስተኛው ሲሊንደር በኩል፣ ያልተለካ አየር ይስብ ነበር፤ ጉዳቱ የወጣው ልምምድ ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ነው። አየር ሲበዛ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ቤንዚን ሲሳሳ ሙቀቱ ይጨምራል። ካንዴላዎቹን ስናወጣ አምስቱ ቡናማ ናቸው፣ ስድስተኛው ወረቀት መስሎ ነጥቷል። ፒስተኑ ተበስቷል።

ማኒፎልዱን ቀጥ ባለ መስታወት ላይ አስቀምጬ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ስከትበት መሳሳቱን አረጋገጥኩ። ይዤላቸው ሄድኩ። ወረቀቴን ከፋይላቸው ውስጥ አወጣሁ፣ ቀይ ቀለሙ አለ፣ ልኬቱ አለ። ሰውየው ምን አለኝ መሰለህ? «ፈርመህ ወስደሃል።» ይቅርታ የለ፣ ገንዘብ መመለስ የለ። ኃላፊውን ላናግር ብል «ሥራ ላይ ነው» ተባልኩ። ተናድጄ ወጣሁ፣ እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። ማኒፎልዱ ዛሬ የማይመረት ዕቃ ነው። አንድ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ዕቃ በአንድ ከሰዓት አበላሹት። የሞተሩ ጥገና ደግሞ ከማኒፎልዱና ከካርቡራቶሮቹ ዋጋ ይበልጣል።

በኋላ ያዳነኝ ሌላ ሰው ነው፣ የድሮ አውሮፕላን ክፍል የሚሠራ ባለሙያ፣ ብቻውን በትንሽ ሱቅ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው፣ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ነው ማሽኑን ያስነሳው። ፊቱን አስተካከለ፣ ጆሮውን አሳነሰ፣ ዛሬም እሱ ማኒፎልድ ነው መኪናዬ ላይ ያለው። ስለዚህ ባለሙያ ስትመርጥ ማሽኑን አትይ። ወረቀትህን የሚያነብ መሆኑን እይ። ሥራውን ስትረከብም እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ ከመፈረምህ በፊት፣ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈህ ለካ። ቢቆጡም ለካ። ከገጠምክ በኋላ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ በጋስኬቱ ዙሪያ ትንሽ ፍሬን ማጽጃ ንፋ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር የሚገባበት አለ። እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይሁን፣ የጭሱ ቱቦ ከሥሩ ነው። ይህን ሳታደርግ ሙሉ ጋዝ እንዳትሰጠው፣ አደራ።

የጭስ ቱቦ ስትገዛም የቴስታታህን ቀዳዳ እይ። የመጀመሪያዎቹ ቴስታታዎች የጭስ ቀዳዳቸው አራት ማዕዘን ነው፣ ከኋለኞቹ አንዳንዶቹ ክብ ናቸው። የቤንዚኑ ግፊት ደግሞ ለሚኩኒ ሦስት ፒኤስአይ ገደማ ይበቃዋል። ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጥመህ መቆጣጠሪያ ካላደረግክለት ቤንዚን ይተፋል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ የጋለ ቱቦ ነው። በመካከላቸው የሙቀት መከለያ ላሜራ አድርግ።

የኋላ ፍሬን ከበሮዎቹ ከፋብሪካ አልሙኒየም ናቸው፣ ውስጣቸው ብረት። ጥሩ ሆነው ካገኘሃቸው ሳታመነታ ግዛ፣ እየጠፉ ነው። መኪናውን ዝቅ ስታደርግ ሞላ ቆርጦ መተው ሥራ አይደለም። አሞርዛተሩ የሚገባበት ቱቦ ራሱ ማጠር አለበት፣ አለበለዚያ አሞርዛተሩ ጉብታ ባገኘ ቁጥር እስከ ጫፉ ገብቶ ይመታል። ለዲፈረንሻል ደግሞ ቸኩለህ ገንዘብ አታውጣ። አሜሪካ የመጡት የማርሽ ንጽጽራቸው 3.36 ነው፣ ለሰሚት ፖይንት ረጅም (ከመታጠፊያ ሲወጣ የሚዘገይ) ነው፤ ግን መጀመሪያ በሱው ነድተህ የት የት እንደሚያንስህ እወቅ።

የደህንነት ዕቃ ላይ ግን የመኪናው ዘመን የሚባል ነገር የለም። ቀበቶ፣ የአንገት መጠበቂያ፣ የብረት ጎጆ (መኪናው ሲገለበጥ የሚከላከልህ)፣ የቤንዚን ታንክ፣ ሁሉም የዛሬው ይሁን። ቀበቶው ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ መኪናህ የቱንም ያህል ቢያምር አያስገቡህም።

አንተ አሁን የምታደርገው፣ የበሩን ሰሌዳና ቴስታታው ላይ በጉልህ የወጣውን ፊደልና ቁጥር (ኢ31 ወይም ኢ88 ይሆናል) ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍ። የክለብህንም ስም ጨምር። የትኛው የጭስ ቱቦ እንደሚገጥምህና የትኛው ማኒፎልድ እንደሚፈቀድልህ አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ምንም አትግዛ።