ስኳር ያለባት ድመት ስታስታውክ የጠዋቱን ኢንሱሊን መስጠት ይገባል?

እህቴ፣ ስኳር ያለባት ድመትዎ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሦስት ጊዜ እንዳስታወከችና ምግቧን እንዳልነካች ገልጸው፣ የጠዋቱን ኢንሱሊን ይወጓት ወይም ይተዉት እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እዚህ ሜሪላንድ ስኳር ያለበትን ድመቴን አምስት ዓመት በየ12 ሰዓቱ እየወጋሁ ያስታመምሁ ስለሆነ፣ በራሴ ስሕተት የተማርሁትን ልንገርዎት።

ስኳሯን ሳይለኩ ለጥያቄዎ መልስ መስጠት አይቻልም። ከጆሮዋ ጠርዝ ደም ወስደው አሁኑኑ ይለኩ። ቁጥሩ ከ60 (mg/dL) በታች ከሆነ ኢንሱሊን ፈጽሞ አይስጧት፤ ድዷ ላይ ጥቂት ማር ቀብተው ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ቁጥሩ ከፍተኛ ከሆነ ግን «አልበላችምና ልተወው» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

ድመቴ አንድ ዓርብ ማታ ቢጫ ፈሳሽ ሲያስታውክ፣ የዋጠው የራሱ ጠጕር ነው ብዬ ናቅሁት። በባዶ ሆዱ ብወጋው ስኳሩ ይወርድበታል ብዬ በመፍራትም፣ ሳልለካው ቅዳሜን በሙሉ ኢንሱሊን አስቀረሁበት። እሑድ ጠዋት አገጩን የውሃ ሳሕኑ ጠርዝ ላይ አሳርፎ፣ ውሃውን ሳይጠጣ ተኝቶ አገኘሁት። ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) በሽንት ውስጥ መኖሩን የሚያሳየውን፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን መመርመሪያ ወረቀት ገዝቼ፣ ሊሸና ሲቀመጥ ከበስተኋላው ጭልፋ አስገብቼ ሽንቱን ተቀበልሁ (ጭልፋው ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት አልገባም)። ወረቀቱ በ15 ሰከንድ ውስጥ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ሆነ።

ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት የደሙን ስኳር መጠቀም ስለሚያቅተው ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ጉበትም ከስቡ ኬቶን ያመርታል፤ ኬቶኑ ሲበዛ ደሙ አሲዳማ እየሆነ ይሄድና ትውከት፣ ድካምና የሰውነት መድረቅ ይከተላል። ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል ይባላል፤ እኔ ምንም አልሸተተኝም፣ ስለዚህ በአፍንጫዎ አይተማመኑ። ድመቴ አራት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥሩ ፈሳሽና ፖታሲየም፣ በየሰዓቱም እየተለካ ኢንሱሊን ተሰጠው። ነገሩን የጀመረው የቆሽት መቆጣት እንደነበር በምርመራ ታወቀ፤ ይህ ስኳር ባለባቸው ድመቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው። ያባባሰው ግን እኔ ያስቀረሁበት መርፌ ነው።

እንግዲህ እርስዎም ሽንቷን በዚያ ወረቀት ይመርምሩ፤ ኬቶን ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ካልታየ ደግሞ ከመውጋትዎ በፊት ለሐኪሟ ይደውሉ፤ የእኔ ሐኪም በእንዲህ ያለው ቀን አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን ታስቀንሰኛለች እንጂ ጨርሶ አታስተወኝም። በመርፌ ፋንታ ቤክሳግሊፍሎዚን ወይም ቬላግሊፍሎዚን በአፍ የምትሰጡ ሌሎች የድመት አሳዳጊዎች ደግሞ፣ በእነዚህ መድኃኒቶች ስኳሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ኬቶን ሊጨምር ስለሚችል፣ የመለኪያው ቁጥር ብቻ አያዘናጋችሁ።

በግድ አያብሏት፤ የሰው መድኃኒትም አይስጧት፣ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ሲደውሉ የመጨረሻውን መርፌ ሰዓትና መጠን፣ መቼ እንደበላችና እንደሸናች ይንገሯቸው፤ ሲሄዱም የኢንሱሊኑን ብልቃጥና የሚወጉበትን ስሪንጅ ይዘው ይሂዱ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን የተሠራው ስሪንጅ 100 ዩኒት ላለው ከተሠራው ጋር ተምታቶ እንደሆነ በዚያው ይታይልዎታል።