አዲስ የዘረመል ለውጥ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፀሐይ ወይም ሲጋራ በሰውነቴ ላይ ያስከተለው ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) ለልጄ ይተርፋል?

መልስ፦ ለውጡ የደረሰው በቆዳ ወይም በሳንባ ሕዋስ ላይ ከሆነ አይተላለፍም። ለልጅ የሚደርሰው የወንድ ዘር ወይም እንቁላል በሚያስገኙት ሕዋሳት ውስጥ የተፈጠረው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ባለቤቴም ጤነኞች ነን፤ በዘራችንም እንዲህ ያለ ሰው የለም። ልጃችን ግን አኮንድሮፕላዥያ አለበት ተባልን። ከየት መጣ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ ይህ የሆነው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ባጠፋችሁት ነገር እንዳልሆነ እወቁልኝ። የአጥንትን በቁመት ማደግ የሚገታው ይህ ሁኔታ ካለባቸው ልጆች 80 በመቶ ያህሉ የሚወለዱት መደበኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው። መንስኤው ኤፍጂኤፍአር3 በሚባለው ዘረመል ውስጥ የአንዲት ፊደል (የዘር መመሪያው የተጻፈበት የዲኤንኤ አንዲት አሃድ) መለወጥ ሲሆን፣ አዲሱ ለውጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጣው በአባት በኩል ነው። የእናት እንቁላሎች የዲኤንኤ ቅጂያቸውን የሚያጠናቅቁት እናት ራሷ ገና ሳትወለድ ነው፤ የወንድ ዘር የሚያመነጩት ሕዋሳት ግን ከጉርምስና ጀምሮ በየ16 ቀኑ ገደማ ስለሚከፈሉ፣ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት በተገለበጡ ቁጥር ሳይታረም የሚያልፍ ስህተት ሊኖር ይችላል። ይህኛው ለውጥ ደግሞ የተሸከመውን ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ይልቅ እንዲበዛ ስለሚያግዘው፣ አባት በዕድሜ በገፋ መጠን ለውጡን የያዘው ዘር እየበረከተ ይሄዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ቫይንበርግ በ1912 እ.ኤ.አ. ሁኔታው በመጨረሻ በሚወለዱ ልጆች ላይ እንደሚበዛ ማስተዋሉ፣ ዲኤንኤ ምን እንደሚሠራ ባልታወቀበት ዘመን መሆኑ በእጅጉ ያስደንቀኛል።

ጥያቄ፦ አዲስ ሚውቴሽን የሌለበት ልጅ አለ?

መልስ፦ የለም ለማለት ይቻላል። እያንዳንዳችን በአማካይ ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ለውጦችን ይዘን እንወለዳለን፤ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከአባት የሚመጡ ሲሆኑ፣ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ይታከላሉ። የእናት ዕድሜም ይጨምራል፤ መጠኑ ግን ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ ልጃችንስ?

መልስ፦ ዳግም የመከሰቱ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ዜሮ አይደለም። ለውጡ ከወላጆች አንዳቸው ገና ፅንስ ሳሉ ተፈጥሮ ከሆነ፣ የደም ምርመራ ምንም ባያሳይም በዘር ሕዋሳቱ ከፊል ላይ ሊገኝ ይችላል። የዘረመል አማካሪ «ፈጽሞ አይደገምም» ከማለት የሚቆጠበው ለዚህ ነው። ልጃችሁ አድጎ ሁኔታው ከሌለባት ሴት ቢወልድ ግን፣ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ይሆናል።