ባሌ «ማመን ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለኝ፤ የልጃችን ክርስትና ደግሞ ደርሷል

«ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆነን። የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። አሁን ደግሞ ሴት ልጅ ወልጄ 80 ቀኗ ሊሞላ 19 ቀን ቀርቷታል። ባለፈው ሳምንት ስለ ድግሱ እያወራን ሳለ ባሌ ‹እኔ ማመን ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ለአንቺ ብዬ ነው አብሬሽ የምሄደው። ልጄን ይዤ መዋሸት ግን አልችልም› አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ።

እናቱ የደም ግፊት ነበረባቸው። ከአራት ዓመት በፊት ራሱ ነው ጠበል ቦታ የወሰዳቸው። እዚያ የሚያጠምቅ አንድ ሰው ‹እምነትና ኪኒን አብሮ አይሄድም› ብሎ መድኃኒታቸውን አስቆማቸው። በሦስተኛው ሳምንት ስትሮክ መታቸው፤ አልተረፉም። ያው ሰውዬ ታዲያ የራሱን የስኳር ኪኒን ከኪሱ አውጥቶ ሲውጥ ባሌ አይቶታል። ይህን የነገረኝ ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

እናቴ ‹መተት ነው፣ ጠበል ይወሰድ› ትላለች። ወንድሜ መምህር ይዞ መጥቶ ሊያከራክረው ነው። ልፍታው? ልጆቼስ ምን ይሆናሉ? መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ግማሹ የቀረ የእናቱ የኪኒን ፓኬት አለ። ባየሁት ቁጥር ይጨንቀኛል። ልጣለው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ክርስትናው ነበር ጎልቶ የታየኝ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ መጨረሻ ላይ ጣል ካደረግሻት ከኪኒኗ ፓኬት አልነሳ አለ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ባልሽን ወደ እምነቱ መመለስ የእኔ ሥራ አይደለም። ከእምነት ማስወጣትም አይደለም። «አንተስ ራስህ ታምናለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ አልመልስም። የመለስኩ ቀን ግማሹ አንባቢ ምክሬን መስማት ያቆማል።

ሰው እምነቱን ሲተው እኛ አገር ምክንያቱ ቶሎ ነው የሚገኝለት። ብዙ ማንበብ አበላሸው። ዩቲዩብ ነው። ጓደኛ ነው። ጥጋብ ነው። እንደ እናትሽ ደግሞ መተት ነው። «የተማረ ይክዳል» የሚለው እንኳን የሳይንስ ልብስ ለብሶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊል ጀርቬይስና አራ ኖረንዛያን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያስበውን፣ ሮዳን የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጺ የሠራውን ሐውልት ፎቶ ያዩ ተማሪዎች፣ ሌላ ሐውልት ካዩት ይልቅ የአምላክ እምነታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ ተባለ። ዓለም ተቀባበለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች በብዙ ሰው ላይ ሲደግሙት ግን ውጤቱ ጠፋ። ጀርቬይስ ራሱም ጥናቱ ደካማ እንደነበር አምኗል። ይህን ሰውዬ በዚህ እወደዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 እሱና ባልደረቦቹ ከ1,400 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቀው የደረሱበት ግን ለአንቺ ይጠቅማል። ያለማመን ትልቁ ምልክት ሆኖ የተገኘው አሰላሳይነት አልነበረም። ሰውየው በልጅነቱ፣ በዙሪያው ያሉ አማኞች ለእምነታቸው ሲሉ ዋጋ ሲከፍሉ ምን ያህል አይቷል የሚለው ነበር። ያላየው ሰው የማመን ዕድሉ ይቀንሳል። የአሜሪካ ጥናት ነው፤ እኛ ላይ እንዳለ አይጫንም። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቴ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም ነበር። «ጹም» ብለውኝ አያውቁም። ከንፈራቸው ደርቆ ለእኛ ለልጆቹ ምሳ ሲያቀርቡ ግን አያለሁ። የትኛውም ስብከት የዚያን ያህል አልገባኝም።

አሁን ነገሩን ገልብጪውና በባልሽ ዓይን እዪው። ሰውዬው እናትየውን «ኪኒን ጣዪ» ይላል። በዚያው እጁ የራሱን ኪኒን ይውጣል። ባልሽ በዚያች ደቂቃ ምንም መጽሐፍ አላነበበም። ያየው የሚናገረውን የማይኖር ሰው ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ እናቱ ናቸው። እናቱን ይዞ የሄደው ራሱ ነው። ከሰውዬው ይልቅ በራሱ ላይ ሳይፈርድ የቀረ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ምላስሽ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ። «ያ ሰውዬው ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም!» እውነትሽን ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ጠበሉንም የሚጠመቁ ስንት ሰዎች አሉ። ግን አትሩጪ። እናቱን ላጣ ሰው መጀመሪያ የምትነግሪው ይህን ከሆነ፣ እሱ የሚሰማው «ከእናትህ ሞት ይልቅ የተቋሙ ስም አሳሰበኝ» የሚል ነው። ሲራክ የትም አይሄድም። ይቆይ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጁሊ ኤክስላይን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእግዚአብሔር ላይ ስለሚሰማ ቁጣ ለዓመታት አጥንታለች። ዛሬ አናምንም ከሚሉት ውስጥ በአንድ ወቅት በእግዚአብሔር ተቆጥተው እንደነበር የሚናገሩ አሉ። ይህን የሰማ አማኝ «አኩርፈህ ነው እንጂ ታምናለህ» ለማለት ይቸኩላል። በጣም የሚያናድድ አባባል ነው። ባልሽ ሦስት ዓመት አስቦበታል። ኩርፊያ ብለሽ ካጣጣልሽበት ሌላ ጊዜ የልቡን አይነግርሽም። ደግሞም ምንም ሳይጎዱ፣ ማንም ሳያስቀይማቸው፣ እምነታቸው ቀስ በቀስ የደረቀባቸው ሰዎች አሉ። «መቼ አቆምክ?» ብትያቸው ቀኑን አያውቁትም። የባልሽ ቁስል ቢድንም እምነቱ ላይመለስ ይችላል። ይህንን አሁኑኑ ማወቅ አለብሽ።

ሦስት ዓመት ለምን ደበቀኝ ትይ ይሆናል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 98ቱ ሃይማኖት በሕይወታቸው በጣም አስፈላጊ እንደሆነ ተናግረዋል። ከመቶ ሁለቱ ውስጥ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ቋንቋችንን እንኳ ተመልከቺው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉህ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ያስነጠሰውን «ይማርህ» እንላለን። ለቅሶ ቤት «ነፍስ ይማር» ሳይሉ መግባት የለም። አንድ ደንበኛዬ «በቀን ሃያ ጊዜ የምዋሽ ይመስለኛል» ብሎኝ ያውቃል። ባልሽ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሮ፣ ያቃተው ልጁን አቅፎ መዋሸት ሆነ። ለነገሩ ግድ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይገላገል ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የወንድምሽን ነገር ዛሬውኑ አስቁሚ። መምህሩ ቢረቱት ባልሽ በገዛ ሳሎኑ ተዋርዶ ይቀራል፤ ቢረታቸው ደግሞ አቋሙ ይጠነክራል። ጠበሉንም ተይው። ለሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ሌላ እል ነበር። እናቱን ጠበል ቦታ ወስዶ ያጣን ሰው ግን ጎትቶ እዚያው መውሰድ ጭካኔ ነው። ለእናትሽ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «እማዬ፣ ይሄን ለእኛ ተይልን» በያቸው። መጀመሪያ ቢያኮርፉም ይለፍላቸዋል።

ስለ ክርስትናው ሳነብ ትንሽ ተገረምኩ። በእናንተ ሥርዓት ለሕፃኗ ተጠሪ የምትሆነው ክርስትና እናቷ ናት። ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን የምትክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቱን የምትመሰክረው በሕፃኗ ፈንታ እሷ ናት። ስለዚህ ባልሽ «እዋሻለሁ» ብሎ የፈራው ቃል ምናልባት ከእሱ አፍ የማይጠበቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታችሁ ያውቁታል። ሄደሽ ጠይቂ፤ ግን ሳታማክሪው የባልሽን ምስጢር ይዘሽ አትሂጂ። የአባት ድርሻ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ ለእሱ የምታቀርቢው ጥያቄ ይቀልልሻል፦ «ምንም እንድትል አልፈልግም። አጠገቤ ትቆምልኛለህ?» እምቢ ካለ፣ ከቅዳሴው ቀርቶ ድግሱ ላይ እንግዳ ይቀበል። «ሥራ በዝቶበት ነው» የሚል ተረት ግን አብራችሁ አትፍጠሩ፤ አንዱን ውሸት ለማስቀረት ሌላ መትከል ይሆናል። «አልመቸውም» ይበቃል። ጎረቤት ምን ይላል? ይላል። ጎረቤት ሁልጊዜ ይላል።

የልጆቹን ነገር ደግሞ በረጅሙ እዪው። ቨርን ቤንግትሰን የተባሉ የሥነ ኅብረተሰብ ተመራማሪ ከ350 በላይ የአሜሪካ ቤተሰቦችን ለ35 ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ በመሸጋገሩ ላይ ጎልቶ የወጣው ነገር ልጁ በወላጁ፣ በተለይ በአባቱ፣ ምን ያህል ፍቅር ይሰማዋል የሚለው ነው። ስለዚህ አባትየውን ከልጁ ፊት «ከሃዲ» እያልሽ ልጁን ማስቀደስ አብሮ የሚሄድ አይደለም። የስድስት ዓመት ልጅ መጠየቁ አይቀርም፦ «አባዬ ለምን አይጾምም?» ከመጠየቁ በፊት መልሱን ሁለታችሁ ተስማሙበት። «እማዬ ትጾማለች፤ አባዬ አሁን አይጾምም። ስታድግ እናወራበታለን» ማለት ይቻላል። ሲኦል አይጠራ። እሱም በበኩሉ ጸሎትሽ ላይ እንዳይቀልድ ቃል ይግባልሽ። ቤት ውስጥ ጾም ቀን ፍስክ አይገባም ካልሽ፣ ይህንንም በግልጽ ጠይቂው። ለአንቺ ሲል ሦስት ዓመት ያስቀደሰ ሰው ለዚህ የሚያንስ አይመስለኝም።

ልፍታው ብለሽኛል። በደብዳቤሽ ውስጥ የመታኝ፣ የሰደበኝ፣ ልጆቹን የረሳ፣ ሌላ ሴት የያዘ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ያለው የማያምን ባል ነው። ለዚህ ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ፣ ያላመነው ባል አብሯት ሊኖር ከፈቀደ ሚስቲቱ አትተወው ብሎ ጽፎ አስቀምጧል። እኔ የምጨምረው፣ ባልተኛሽበት ሌሊት ፍቺ እንዳትወስኚ ብቻ ነው። ደረትሽ ላይ ሕፃን አለች። ብርክ ብርክ ካለሽ፣ ለቅሶ ከበዛብሽ፣ ልጅቷ ተኝታም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምሽ ንገሪ። እሱም መጠጥ ካበዛ ወይም መኖር አስጠላኝ ካለ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ይየው። አለማመን ግን በራሱ ሕመም አይደለም፤ ሐኪም ቤት አይወሰድበትም።

ይመለስ ይሆን? ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ «ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው» ሲሉ የነበሩ፣ ዛሬ በየሰንበቱ የሚያስቀድሱ ሽማግሌዎችን አውቃለሁ። እንደወጡ የቀሩም አሉ፤ ጥሩ አባት ሆነው ልጆቻቸውን ድረዋል። የባልሽን አላውቅም። አንቺም እሱን ለመመለስ ብለሽ የምትታገሺው ከሆነ ይነቃብሻል።

ፓኬቷን አትጣያት። የሱ ናት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኩን ሲያስቀምጥ ጠብቀሽ፣ «መሳቢያው ውስጥ የእማማን መድኃኒት አየሁት። ያን ጊዜ እንዴት እንደነበር ከመጀመሪያው ንገረኝ» በይው። ከዚያ አታቋርጪው። ቢያለቅስም፣ ቢሳደብም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚጎረብጥሽን ቢናገርም ስሚው። ስለ ክርስትናው በዚያ ምሽት አታንሺ። ገና 19 ቀን አለሽ።